ለምሰሶው የተነገረ

ያን ቀን ጠዋት ብሃተሪ ሊጡ ውስጥ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች። ባሏ ሱባሽ ቂጣውን ቀመሰና ፊቱን አኮማትሮ በአሬራ አወራረደው። ሱባሽ እንዲህ ነው፤ የማይወደውን ነገር ሁሉ በአሬራ የሚያወራርድ ሰው ነው። እሷን ግን ነገሩ አላስቀምጥ አላስቆም ብሏታል። ግቢ ያለችውን የወተት ጎሽ ሳታልብ ኩበት ልትጠፈጥፍ ወጣች። ኩበቱን ጀምራ ትታው ውኃ ልትቀዳ ተነሳች፣ ባልዲውን ሞልታ በሩ ላይ ረሳችው። ረፋዱ ላይ የመንደሩ ጉባኤ አለ፤ እሷ ደግሞ የመንደሩ ሊቀመንበር ናት።

ናት ይባል እንጂ ነገሩስ እንዲያ አይደለም። መንግሥት የመንደራቸውን የኬድላን የሊቀመንበር ወንበር በዚህ ዙር ለሴት ያዘ ሲል፣ የባሏ ታላቅ ወንድም ዳሪያዎ ሲንግ ወንበሩ ከቤት እንዳይወጣ አንድ ሌሊት ሙሉ አሰበበት። የራሱ ሚስት ፊደል አልቆጠረችም። ብሃተሪ ግን ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች፤ ለምን እዚያ ላይ እንዳቆመች የጠየቃት ሰው ባይኖርም። ስለዚህ ስሟ ተመዘገበ። የምረጡኝ ወረቀቱ ላይ የዳሪያዎ ጢም ግማሹን ገጽ ያዘ፤ እሷ ፊቷን እንደተሸፈነች ጥግ ላይ ተለጠፈች። አሸነፈች ሲባል የአበባው ጉንጉን የገባው ዳሪያዎ አንገት ላይ ነው። ይኸው ስምንት ወር፣ መንደሩ "ሊቀመንበር" ብሎ የሚጠራው እሱን ነው፤ ማኅተሙም የሚያድረው እሱ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ነው። ለሴት ሊቀመንበሮች በከተማ ሥልጠና ሲሰጥ እንኳ ሄዶ የሠለጠነው እሱ ነበር። ሲመለስ ከሥልጠናው ያገኘውን ቦርሳ አንግቦ፣ መጽሐፉን የጋያ ትምባሆው መደርደሪያ ላይ ወረወረው። እሷ ከዚያ አንስታ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች።

ከዳሪያዎ ጋር ተነጋግረው አያውቁም። ተጣልተው አይደለም፣ ወጉ ነው። ምራት ለባሏ ታላቅ ወንድም ፊቷን አታሳይም፣ ድምጿንም አታሰማም። ሃያ ዓመት በአንድ ግቢ ኖረው የሚያውቃት በእግሯና በአምባሯ ድምፅ ብቻ ነው። የሚላት ካለ ለጎሿ ይነግራታል። "ዛሬ እንግዳ አለ፣ ምሳው በዛ ይበል" ይላታል ጎሿን። ጎሿ ታመነዥካለች፣ ምሳው ይበዛል።

ጉባኤው የሚካሄድበት የወንዶቹ አዳራሽም የራሱ ወግ አለው። ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ከፍ ብሎ፣ በአራት የድንጋይ ምሰሶ የቆመ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ቤት ነው። ወንዶቹ ካርታ ይጫወቱበታል፣ ጋያ ያጤሱበታል፣ የሰው ትዳር ይፈርዱበታል። የመንደሩ ምራቶች ደረጃውን አይረግጡም። በፊቱ ሲያልፉ እንኳ ሻርፓቸውን እንደ ዓይነ ርግብ እስከ አገጫቸው ይጥላሉ፤ ውስጡ ሰው ኖረም አልኖረም። ከወንድ መሸፈኑ ይሁን ግድ የለም። ባዶ ቤት ግን ምን ያያል? ብሃተሪ በሠርጓ ማግስት ይህን ጠይቃ አማቷ ትከሻዋን ነካ አድርጋ ዝም አሰኝታታለች። ከዚያ ወዲህ ከድንጋይና ከኖራ ስትሸፈን ኖራለች።

የዛሬው ጉባኤ አጀንዳ የአረቄ ሱቁ ነበር። ሱቁ የቆመው በዳሪያዎ መሬት ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አፍንጫ ሥር ነው። መጽሐፉ እንደሚለው፣ ጉባኤው በዚህ ወር ውስጥ ከተቃወመ ሱቁ ፈቃዱ አይታደስለትም፤ ዝም ካለ ለአንድ ዓመት ይቀጥላል። ዳሪያዎ "ጉባኤው ተቃውሞ የለውም" የሚል ወረቀት አስተይቦ ትናንት በሱባሽ እጅ ልኮላት ነበር። ብሃተሪ አነበበችውና መለሰችለት።

"ነገ ጉባኤው ላይ እፈርማለሁ" አለች።

ሱባሽ እንዳልሰማ ሰው አያት። "የሚኑ እናት፣ ምን ነካሽ? አንድ ፊርማ እኮ ናት" አለ። እሷ ምን እንደነካት አልነገረችውም። ብትነግረው ጉዱ ይፈላል።

የነካት የልጇ ጫማ ነው። ሚናክሺ፣ ቤት ውስጥ ሚኑ የሚሏት፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከተማ ኮሌጅ ገብታለች። ከአሥር ቀን በፊት ብሃተሪ ልብስ ልታጥብ ስትል የልጅቷ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ይዞ አገኘችው። ከቤት እስከ አውቶቡስ ያለው መንገድ አስፋልት ነው፣ ዝናብም አልዘነበም። ልጅቷን ከጎሿ ጀርባ ይዛ ጠየቀቻት። ሚኑ መጀመሪያ ካደች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተናገረች። አረቄ ሱቁ ደጃፍ የሚቀመጡት ጠጪዎች በየቀኑ አያስቆሙም አያስኬዱም፤ ስም ያወጣሉ፣ ይከተላሉ፣ አንዷን ቦርሳዋን ቀምተው አስለምነው ነው የመለሱላት። ስለዚህ የመንደሩ ዘጠኝ ተማሪ ሴቶች በሰናፍጭ ማሳ ውስጥ አንድ ሰዓት ዞረው ቀጣዩ ማቆሚያ ላይ ይሳፈራሉ። ቤታቸው ላይናገሩም ተማምለዋል። ባለፈው ዓመት ከታችኛው ሰፈር አንዷ ለአባቷ ተናግራ ነበር። አባትየው ወደ ሱቁ አልሄደም፤ ልጅቷን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ በወሩ ዳራት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

"እማ፣ አንቺም እንዳትናገሪ" አለቻት ሚኑ እጇን ይዛ። "ብትናገሪ ሱቁ አይዘጋም። የምንዘጋው እኛ ነን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሃተሪ እንቅልፍ የላትም። ዝም ካለች፣ ልጆቹ ሰው በማይሰማበት ማሳ ውስጥ አንድ ዓመት ሊመላለሱ ነው። አንድ ቀን አንዱ ሰካራም ይደርስበታል፣ ያን ጊዜ አያድርስ ነው። ከተናገረች ደግሞ ዘጠኙም ከነገ ጀምሮ ቤት ይውላሉ፤ የመጀመሪያዋ ሚኑ ትሆናለች፣ የሚያስወጣትም ዳሪያዎ ነው። ነገሩን ወዲህ ብታገላብጠው ወዲያ ብታገላብጠው መውጫ አጣችለት።

ረፋዱ ላይ ከሴቶቹ ጋር ሄደች። ሴቶቹ ከአዳራሹ ደረጃ በታች፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ መሬት ላይ ለወንዶቹ ጎናቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ሁሉም ተሸፍነዋል፤ ስልሳ ሴት፣ አንድ ፊት የለም። ፊቷን የገለጠችው አያት ራምካሊ ብቻ ናት። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሷን ተሸፈኚ የሚል በዕድሜ የሚበልጣት ወንድ መንደሩ ውስጥ አልቀረም፣ ሁሉንም ቀብራቸዋለች። የራሷን ጋያ ይዛ መጥታ ዛፉን ተደግፋ ታጤሳለች።

ከወረዳ የመጣው ሹም ወጣት ነው፣ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ከመኪናው ወርዶ ለሊቀመንበር የተዘጋጀውን የአበባ ጉንጉን ተቀበለና በቀጥታ ዳሪያዎ አንገት ላይ አጠለቀው። "ሊቀመንበር፣ እንኳን ደህና ቆዩኝ" አለው። ማንም አላረመውም። ዳሪያዎም አንገቱን ቀና አድርጎ ተቀበለ፤ ለምዶታል።

ከዚያ ዳሪያዎ ስለ ጉድጓድ ውኃ ተናገረ፣ ስለ መንገድ ተናገረ፣ ስለ ሱቁ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሩጫ አነበበው። ተቃውሞ የለም፣ ተስማምተናል፣ አለቀ። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሹሙ ብዕሩን አወጣ። ሱባሽ መዝገቡን ይዞ ደረጃውን ወርዶ ሚስቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠውና "እዚህ ጋ" ብሎ በጣቱ አሳያት።

ብሃተሪ ብዕሩን ያዘች። ዳሪያዎን ማናገር አትችልም። ሹሙን ብታናግር ዳሪያዎ ይሰማል፤ ያው ነው። ቀና ስትል በሻርፑ ስስ ጨርቅ ውስጥ የታያት ምሰሶው ነበር፤ ያ ሃያ ዓመት ስትሸፈንለት የኖረችው ድንጋይ። ወዲያው አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ለምሰሶ መሸፈን ወግ ከሆነ ለምሰሶ መናገር ማን ከለከለ? ዳሪያዎስ ቢሆን ለጎሽ ይናገር የለም?

መዝገቡን ታቅፋ ተነሳች። አንዱን ደረጃ ረገጠች፣ ሁለተኛውን ረገጠች። ወንዶቹ ካርታ እንደተበላበት ሰው ደርቀው ቀሩ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ለሁሉም ጀርባዋን ሰጥታ አፏን ወደ ድንጋዩ አስጠጋች።

"እርስዎ ምሰሶ" አለች። "በፊትዎ ድምፄን ስላሰማሁ ይቅር ይበሉኝ። ምራት ነኝ፣ ወጉን አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ተሸፍኜልዎታለሁ፤ አንድ ቀን ቢሰሙኝ አይከፋም።"

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው "ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፣ ምሰሶም ሳይኖረው አይቀርም" አለ። ዳሪያዎ ግን አልሳቀም። የዚህችን ሴት ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው፤ እንዲህ ወፍራም ይሆናል ብሎ አልጠበቀም።

"ልጅ አልተነካም፣ የማንም ልጅ ስም እንዳይነሳ" አለች። "የተነካሁት እኔ ነኝ። አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ፣ አረቄ ቤት ደጃፍ። የመዳብ ቀለበት ያለው ሰው ሻርፔን ከአንገቴ ጎተተና ለጓደኛው ወረወረለት። ጓደኛው ለሌላው። እንደ ኳስ ተቀባበሉት። እኔ መሀል ቆሜ እዞራለሁ። ሰው ነበረ፤ ሻይ የሚጠጣ ነበረ፣ ብስክሌት የሚጠግን ነበረ። ተው ያለ የለም። ራሴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ነው ቤት የገባሁት። ይህንን ሱቅ ተቃውሞ የለኝም ብዬ አልፈርምለትም። ለሚመለከተው ይንገሩልኝ።"

ሱባሽ መሬት መሬት ያያል። ዳሪያዎ ተነሳ። እሱም እሷን ማናገር አይችልምና ፊቱን ወደዚያው ምሰሶ አዞረ።

"ምሰሶው ይስማ" አለ። "የቤቴ ምራት ተነክታ ከሆነ ደም ነው። ስም ይጠራ። ስም ከሌለ ግን፣ ቤቷ የተቀመጠች ሴት ማን ይነካታል? ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል። ከዛሬ ጀምሮ ምራታችን ከግቢ አትወጣም። ሱባሽ ይፈርምላት።"

ያው የፈራችው መጣ። ግን የመጣው ለእሷ ነው፤ ለልጆቹ አይደለም።

"ምሰሶ፣ ይንገሩልኝ" አለች። "መጽሐፉ ገጽ አሥራ አራት ላይ፣ ፊርማው በጉባኤው ፊት በራሷ በሊቀመንበሯ እጅ ነው ይላል። ተቃውሞ ከተነሳም እጅ ይቆጠራል፣ የሴቱም የወንዱም። የሴት ሊቀመንበሮችን ሥልጠና የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ ያውቁታል።"

ሳቁ ከወንዶቹ በኩል ነው የፈነዳው። ሹሙ አፉን በእጁ ያዘ፣ ከዚያ የአበባ ጉንጉን ያጠለቀለትን ሰውና ምሰሶ የምታናግረውን ሴት አፈራርቆ አየ። "ሊቀመንበሯ እሷ ነች እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ልጄ፣ ከስምንት ወር በኋላ ነቃህ" አለች አያት ራምካሊ ከዛፉ ሥር። "እኔንም ጎትተውኛል፤ ጻፍ።"

"አያቴ፣ አንቺን ደግሞ ማን ይጎትታል?" አላት አንዱ ጎረምሳ።

"የጎተቱኝን አያቶችህን ጠይቅ። ከመቃብር ቢነሱ ይነግሩህ ነበር" አለችና ጋያዋን ሳበች። ጎረምሳው አቀረቀረ።

ሹሙ፣ ሱቁ ይነሳ የሚሉ እጃቸውን ያውጡ አለ። መጀመሪያ ምንም የለም። ብሃተሪ ምሰሶውን ይዛ ጠበቀች። ማንም ካላወጣ አለቀላት፤ ስሟም ጠፋ፣ ሱቁም ቀረ። ከዛፉ ሥር አንድ እጅ ወጣ። እጇን ያወጣችው ሴት እጅጌዋን እስከ ጣቷ ጎትታ አምባሯን ደብቃዋለች። ሌላዋም አየችና እጅጌዋን ጎተተች። ከዚያ በየጨርቁ ሥር እጅ ተነሳ፤ ፊት የለም፣ አምባር የለም፣ የትኛዋ የማን ሚስት እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

ወንዶቹ አንገታቸውን አስግገው ይፈልጋሉ። የሱቁ የልብ ወዳጅ የሆነው ማንጌ ራም አላስችል አለው። ሚስቱ መስላው አረንጓዴ ሻርፕ ወደለበሰች አንዲት ሴት ጣቱን ቀስሮ "አንቺ፣ እጅሽን አውርጂ ብያለሁ" ብሎ ጮኸ። የሴቲቱ እጅ አልወረደም። ከጎኑ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ቀስ ብሎ ተነሳ።

"ወንድሜ፣ የኔን ሚስት ነው የምታዘው?" አለው።

ታላቅ ወንድም የታናሹን ሚስት በሰው ፊት አንቺ ብሎ ከመጥራት የከፋ ውርደት በዚያ መንደር የለም። ማንጌ ራም ፊቱ አመድ መሰለ፤ ፎጣውን ራሱ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሚስቱን የሚፈልግ ወንድ ጠፋ። አንገቱን የመለሰ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። ሹሙ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ከወንዶቹም በኩል ጥቂት እጅ ወጥቷል። ከእነሱ አንዱ ሱባሽ ነበር፤ ጆሮውን የሚያክክ መስሎ፣ ግን አወጣ።

ሱቁ ይነሳ ያሉት በለጡ። ሹሙ የተየበውን ወረቀት ቀዶ በመዝገቡ ላይ በእጁ አዲስ ጻፈ፣ ብሃተሪ መዝገቡን ምሰሶው ላይ አስደግፋ ፈረመች። ማኅተሙ ቀረ። ዳሪያዎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ አወጣውና፣ እጇ ላይ ማስቀመጥ አይችልምና፣ ጎንበስ ብሎ ምሰሶው ሥር አኖረው። የአበባ ጉንጉኑን አንገቱ ላይ እንደረሳ ሄደ።

ድል ነው ብሎ የጨፈረ የለም። ቤት ስትገባ የዳሪያዎ ሚስት ድስቷን ለይታ ወደ ግቢው ማዶ ወስዳለች። ሁለት ጎረቤቶች ሊያጽናኗት መጡ፤ እንደ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው፣ የት ጋ እንደነኳት በዓይናቸው እየፈለጉ ሄዱ። ሱባሽ ምሳውን ሳይበላ ማሳ ወረደ። ዳሪያዎ ሲገባ ጎሿን አንድ ቃል አላናገራትም። ብሃተሪ ከስድብ ይልቅ ይኼ ዝምታ አስፈራት። ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ አታውቅም። ቁጭ ትላለች፣ ትነሳለች፣ የታጠበ ዕቃ ታጥባለች።

አሥር ሰዓት ላይ ሚኑ መጣች። አውቶቡሱ ላይ ሰምታለች። ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ እናቷ ጎሿን ወደምታልብበት መጥታ ቆመች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"ለምን እንዲህ አደረግሽ?" አለች። "ማቆሚያው ጋ ደርሰሽ አታውቂም እኮ። ማንም አልነካሽም። ለእኛ ብለሽ ውሸት ተናገርሽ፣ አሁን መንደሩ በሙሉ አፉ ውስጥ አስገባሽ።"

ብሃተሪ ማለቧን አላቆመችም። ወተቱ ባልዲው ውስጥ ይንጫጫል።

"አልዋሸሁም" አለች። "ዓመቱንና መንደሩን ብቻ ነው ያልተናገርኩት።"

ሚኑ ቦርሳዋን አውርዳ እናቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ስንት ዓመቷ እንደነበር ጠየቀቻት። ከአንቺ በሁለት ዓመት አንስ ነበር አለቻት እናቷ፤ ዘጠነኛ ክፍል።

"ከዚያስ? ምን አደረግሽ?"

ብሃተሪ እጇን ከጎሿ ጡት ላይ አነሳች። የቀኑ ድካም አሁን ገና ወረደባት።

"ለእናቴ ነገርኳት" አለች።

ሚኑ ግንባሯን እናቷ ትከሻ ላይ አስደግፋ አለቀሰች፤ ብሃተሪም አልከለከለቻትም። ከዚያ ባልዲውን አንስታ ሰጠቻትና፣ ወተቱን አስገብተሽ ብይ፣ በጊዜ ተኚ አለቻት። ሱቁ ገና ወሩ እስኪያልቅ ክፍት ነው፣ አውቶቡሱም ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው። በአስፋልቱ ነው የምትሄጂው፣ እኔም አብሬሽ እመጣለሁ አለቻት።